ሬሳው ካልታየ ለቅሶ የለም

ይህች የነገሥታት ከተማ ጎንደር ውዳሴ ጎድሏት አያውቅም። ግንቡ ይወደሳል፣ ጥምቀቱ ይወደሳል፣ ፋሲል ከነማም በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ጊዜ እስኪጠግብ ተወድሷል። አመስጋኝ አጥቶ የቀረው፣ ምሳውን እንደ ነገሩ ጎራርሶ፣ በሩን ገርበብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከተከታታይ ድራማው ፊት የሚሰየመው ትጉህ ተመልካች ብቻ ነው። እኔም ለረጅም ዘመን ከዚሁ ማኅበር ሳልጎድል የኖርኩ በመሆኔ የወገኖቼ ውለታ ሳይነገር መቅረቱ ቢከነክነኝ፣ የሚገባቸውን ውዳሴ ለማድረስ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ትዕግሥታችን ይነገር። በሳሙና በር አካባቢ ቡና በሚፈላበት አንድ ቤት ረከቦቱ ቀርቧል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ በቴሌቪዥኑ የሚታየው የኢስታንቡሉ ጎልማሳ ደግሞ የሚወዳት ልጅ ለገዛ ወንድሙ መታጨቷን ገና መስማቱ ነው። ዓይኑን ወደ ልጅቷ መለሰ። ሙዚቃው ገባ። ልጅቷም አየችው። ካሜራው ወደ እናትየዋ ሄደ፣ ከእናትየዋ ወደ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ወደ ቀረችው የቤት ሠራተኛ፣ ከእርሷም ተመልሶ ወደ ጎልማሳው። አቦሉ ተቀዳ፣ ተጠጣ፣ ሲኒው ተለቅልቆ ቶናው ቀረበ፤ ሰውየው ገና አፉን አልከፈተም። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን ማጥፋት ሲጀምር የቤቱ እመቤት ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ሳትነቅል በእጇ ዳብሳ አነሳችው። በመጨረሻ ጎልማሳው ከንፈሩን አላቀቀና «አንቺ...» አለ። የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ከተቀመጥነው መካከል ያጉረመረመ አንድም ሰው የለም። ለጉዳይ የሄደበት መሥሪያ ቤት ሩብ ሰዓት ቢያስጠብቀው አገር ይያዝልኝ የሚል ሕዝብ «አንቺ» የምትለዋን አንዲት ቃል ታቅፎ እስከ ማግስቱ ሲያድር ማየት ልብ የሚነካ ነገር ነው።

የዚህ ዝምታ ምንጭ ለማያውቅ ሰው ደራሲው ሰነፍ ሊመስለው ይችላል። እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ ምስኪኑ ፋታ የሌለው ሰው ነው። ድራማው በተወለደበት በቱርክ አንዱ ክፍል የሚተላለፈው በሳምንት አንድ ምሽት ሲሆን ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ ደራሲው በየሰባት ቀኑ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ጽሑፍ ማስረከብ ይጠበቅበታል፤ አንድ ቤተሰብ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጣላ በሳምንት ያን ያህል የሚናገረው ነገር ስለማይኖረው የጎደለው በዓይን ይሞላል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ያ ረጅም ክፍል 45 ደቂቃ ገደማ በሚሆን ልክ ይቆራረጣል። ለቱርኮች በአንድ ምሽት ያለቀው ኩርፊያ ለእኛ የሳምንት ስንቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው እንዳያልቅ ተደርጎ መሠራቱም የቱርኮች ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሬዲዮ ላይ እንዲህ ያሉትን የቀን ድራማዎች ገንዘብ እየከፈሉ ያቆሟቸው የሳሙና አምራቾች ነበሩ፤ ዓላማቸውም ቤቷን የምታጸዳው እመቤት ጆሮዋን በየቀኑ እንድታውሳቸው ነበር። ታሪኩ እንዲቋጭ ብሎ የሚከፍል ነጋዴ ስለሌለም፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ የተጀመረው «ጋይዲንግ ላይት» ኋላ ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ የተቋረጠው በ2009 ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይቀጥላል» ሲባል ኖረ ማለት ነው። በእነዚያ ድራማዎች ሕፃን ልጅ ሊተኛ ወደ ፎቅ ወጥቶ ጢም አብቅሎ ይወርዳል፤ ተመልካቹም እግዜር ያሳድግህ ብሎ ያልፋል። እኛም በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ ከአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ያ ሁሉ አቤቱታ እየተሰማ ሪሞቱን ሳንለቅ መጽናታችን ከእነዚያ ጽኑዓን ተርታ ያሰልፈናል።

ወደ ፍርድ ችሎታችን ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጎንደሬነታችን ጎልቶ ይወጣልና። በፒያሳ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት የድራማው ባለጸጋ የሚወዳትን ልጅ አፍኖ ከባሕር ዳርቻ ቪላው ውስጥ ቆልፎባታል። ሠሪዋ ማበጠሪያውን ከደንበኛዋ ፀጉር መሐል እንደሰካችው ቆመች፤ ደንበኛዋም አልተቆጣችም። ቤቱ በአንድ ድምፅ የሰጠው ፍርድ «ምን ያድርግ፣ ፍቅር አሳብዶት እኮ ነው» የሚል ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ የሰፈር ልጅ ከክፍል ጓደኛው ጋር ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ መታየቱ ተነሣ፤ ያው ችሎት ሳይነሣ ልጁን ባለጌ፣ እናቱን ልጅ ማሳደግ የማታውቅ ብሎ በየነ። ልጁ የበደለው ቪላ አለመኖሩ ይሆን? ሸሚዙም እንደዚያኛው የተተኮሰ ስላልነበረ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ የዓይን ቀለምንና የመኪና ዓይነትን እንደ ማቅለያ የሚቀበል ሕግ በየትም አገር ስለማይገኝ፣ የዚህ ችሎት ውሳኔ ለሕግ ተማሪዎች ቢቀርብ ጥቅሙ ቀላል አይሆንም።

በሞት ጉዳይ ደግሞ ማኅበራችን ከሐኪም የበለጠ ጥንቃቄ ያደርጋል። መኪናው ከገደል ቢንከባለል፣ ቢነድ፣ ነዳጁ ቢፈነዳ፣ ሚስቲቱ ጥቁር ለብሳ መቃብር ላይ ብትወድቅ፣ የነቃ ተመልካች አንዲት እንባ አያባክንም፤ ሬሳው እስካልታየ ድረስ ለቅሶ የለም። ከሰማንያ ክፍል በኋላ ሟቹ ትውስታውን አጥቶ፣ ፂሙ ግን በሥርዓቱ ተከርክሞ ሲመለስ «አላልኩም?» የሚለው ድምፅ ከአራዳ እስከ አዘዞ ይሰማል። ሰውየው የእኛ እድር አባል ቢሆን ኖሮ ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ መመለሱ ምን ያህል ስብሰባ እንደሚያስጠራ፣ ዳኛውም ሒሳቡን ከማን እንደሚያስመልሱ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደራሲው እድር የሌለበት አገር መወለዱ በጀው።

ስለ ድርሰቱም አንዳንድ ነገር ልበል፤ ዘመኔን የፈጀሁበት ነገር ነውና የመተቸት መብት አለኝ። ሃያ ክፍል ባለው የባለጸጋው ግቢ ውስጥ አንድም የሚዘጋ በር አይገኝም፤ ምሥጢር ሁሉ የሚነገረው ገርበብ ባለ በር አጠገብ ነው፣ የሚሰማውም ሊሰማ የማይገባው ሰው ነው፣ የሚሰማውም ግማሹን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ክፍል የሚፈጀው ጠብ «ያልኩት እንዲህ አልነበረም» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር። ሦስት ሽማግሌ ተመርጦ ጃንተከል ዋርካ ሥር ቢቀመጥ ተጣይዎቹ ከቀትር በፊት ይታረቁ ነበር፤ ግን ሽማግሌ የገባበት ድራማ ማስታወቂያ አያገኝም። በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን የሚያስታውስ ሰው፣ ክፉ ሰው ሲጻፍ ለክፋቱ ብልሃትና ጨዋታ ሊኖረው እንደሚችል ያውቃል፤ እየተጠላ የሚናፈቅ ሰው ነበር። የአሁኖቹ ክፉዎች መስኮት ዳር ቆመው ዕቅዳቸውን ለራሳቸው ጮክ ብለው ይናገራሉ። እኛም ዕቅዱን ከሰማን በኋላ ሲፈጸም ደንግጠን እንጮኻለን። ይህን ያህል ደግ አድማጭ ያገኘ ደራሲ ለምን ብሎ ይልፋ?

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን የዘር ቆጠራችንን ነው። የኢስታንቡሉ ባለሆልዲንግ፣ የብዙ ኩባንያው ጌታ፣ ስንት ጊዜ እንዳገባ፣ ከአገልጋይቱ የወለደው ልጅ የማን ግማሽ ወንድም እንደሚሆን፣ ውርሱ በየትኛው ውል እንደተነጠቀ ያለ ወረቀት የሚተነትን ሰው በየቤቱ አለ። ያው ሰው በፋሲል ግቢ አጥር ሥር በየቀኑ ሲያልፍ፣ ጣሪያው የፈረሰው ግንብ የማን እንደሆነ ቢጠየቅ «የነገሥታቱ» ብሎ ይገላገላል። ግንቡ የታላቁ ኢያሱ ነው። ንጉሡ የሚወዷት ዕቁባታቸው ሞታባቸው በሐዘን ወደ ጣና ደሴት ቢሄዱ፣ ንግሥት መለኮታዊት ልጇን ተክለ ሃይማኖትን አነገሠች፤ አባትየው እ.ኤ.አ. በ1706 በልጃቸው ትእዛዝ ተገደሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጅየውም በስለት ተወግቶ ሞተ፤ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነግሠው መለኮታዊትን በስቅላት ቀጡ፣ ግብረ አበሮቿንም አስገደሉ። ፍቅር አለበት፣ በቀል አለበት፣ ዙፋን አለበት፣ ቀረጻውም እዚሁ ነው። የእኛ ሰው ይህን የማይወድበትን ምክንያት ግን ደርሼበታለሁ፤ የሞቱት ሁሉ ሞተው ቀርተዋል፣ አንዳቸውም በሰማንያኛው ክፍል አይመለሱም፣ እርስ በርስ ለመተያየትም ጊዜ አላጠፉም። እንዲህ ያለ የቸኮለ ድርሰት የለመደውን ተመልካች ያስቀይማል።

ለማንኛውም መብራት ካልሄደ በመጪው ሳምንት ሠርጉ ይታያል። ሙሽራው ታናሽ ወንድም ነው፤ ታላቅየው በመርከብ አደጋ ጠፍቶ ቤተሰቡ ሐዘን ተቀምጦለታል፣ ሬሳው ግን አልተገኘም። እንደ አንጋፋ ተመልካችነቴ የሚሆነውን ከአሁኑ ልናገር፦ ሙሽሪት «ፈቃደኛ ነሽ ወይ» ተብላ ልትመልስ ስትል የአዳራሹ በር ይከፈታል፣ ከባሕር የወጣው ሰው በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይገባል፣ ያያታል፣ ታየዋለች፣ ካሜራው እናትየዋን፣ ሹፌሩንና ባለትሪዋን ያዳርሳል፣ ክፍሉም እዚያው ላይ ያልቃል። የሚጠራጠር ካለ አንድ ኪሎ ስኳር አስይዞ ይወራረደኝ፤ ቡናው ከእኔ ነው።