ፖሊሱ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም

ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርባት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ካፌ ውስጥ የዕፅ እስር ወሬ ከተነሳ መልሱ የታወቀ ነው፦ «የእኛ ልጆች እንደነሱ አይደሉም።» «እነሱ» የተባሉት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አንዳንዴ ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደርም ትጠቀሳለች፤ ተረቱን ስለምታውቁት አልጨርሰውም። ስድብነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ስሌቱ ራሱ የተሳሳተ ነው።

በዚህ ስሌት ጥቁሮች በብዛት የሚታሰሩት ማሪዋና በብዛት ስለሚያጨሱ ነው። ኤሲኤልዩ የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት ግን ነጩም ጥቁሩም ማሪዋና የሚጠቀመው በተቀራራቢ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ይዞ በመገኘት የመታሰር ዕድሉ ግን ለጥቁሩ 3.7 እጥፍ ያህል ነበር። ይህ የአገሪቱ አማካይ ነው። ስንቶቻችን ታክሲ ነድተን ልጆች ባሳደግንባት ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 8 እጥፍ ደርሶ ነበር።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ፖሊስ የሚቆምበት ቦታ ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሲያጨስ በሩን የሚያንኳኳበት የለም፤ ጥቁሮች በሚበዙበት የዲሲ ሰፈር፣ አናኮስቲያ፣ መንገድ ዳር የቆመው እኩያው ግን ኪሱ ይፈተሻል። መኪና ውስጥ ያለውም አያመልጥም። በ1993 በዚሁ በዲሲ፣ ሲቪል የለበሱ የፀረ ዕፅ ፖሊሶች ሁለት ጥቁር ወጣቶች የነበሩበት መኪና የ«ስቶፕ» ምልክት ላይ ከ20 ሴኮንድ በላይ ስለቆመ ጠረጠሩት። መኪናው ምልክት ሳያሳይ ሲታጠፍ ያንን ሰበብ አድርገው አስቆሙት፤ ክራክ የተባለውን ኮኬይንም አገኙ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሙሉ ድምፅ የወሰነው፣ የትራፊክ ጥፋት እስካለ ድረስ ፖሊሱ በልቡ ያሰበው ነገር ማስቆሙን ሕገ ወጥ አያደርገውም ብሎ ነው። ታክሲ የነዳ ሰው የዚህ ውሳኔ ትርጉም ቶሎ ይገባዋል፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ አንዲት የትራፊክ ደንብ ሳይጥስ የሚነዳ ማን አለ? ሰበቡ ከሁሉም ሰው እጅ ስለማይጠፋ ማን ይቁም፣ ማን ይለፍ የሚለው ለፖሊሱ ዓይን ተተወ። ያ ዓይን ደግሞ ከመኪናው ኋላ ሆኖ የጎንደርን ልጅ ከባልቲሞር ልጅ አይለይም።

«አሁንማ ተፈቅዷል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ የዲሲ ሕዝብ በ2014 ድምፅ ሰጥቶ፣ በ2015 ማሪዋና መያዝ ተፈቀደ። እስሩም ቀነሰ። ሆኖም ከ2015 እስከ 2019 በማሪዋና ጉዳይ ከታሰሩት ከ10ሩ 9 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከከተማው ሕዝብ ግን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ሕጉ መያዝን ፈቅዶ መሸጥንና ደጅ ማጨስን ከልክሏል። ግቢ ያለው ግቢው ውስጥ ያጨሳል። የመንግሥት የድጎማ ቤት ተከራይ ግን በፌዴራል ሕግ ምክንያት ቤቱ ውስጥ ቢያጨስ ቤቱን ሊያጣ፣ ደጅ ቢወጣ ሊያዝ ይችላል።

ግሪን ካርድ ለያዘው ልጃችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሜሪላንዱ ገዢ ዌስ ሙር በጁን 2024 ከ175,000 በላይ የማሪዋና ፍርዶችን ይቅር ሲሉ ብዙ ቤተሰብ እፎይ ብሏል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን የፌዴራል ነው፤ በዕፅ የተፈረደበትን ሰው የገዢ ይቅርታ ከዲፖርቴሽን፣ ማለትም ከአገር ከመባረር፣ አያድነውም። ከዲፖርቴሽን ነፃ የሚሆነው ለራሱ መጠቀሚያ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘው ነው። እሱም ቢሆን ለእናቱ ለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ላይ ያች የድሮ የፍርድ ወረቀት ልትያዝበት ትችላለች፤ ወደ አገር መግቢያው ሕግ ከማባረሪያው ሕግ የበለጠ ጥብቅ ነውና።

ስለዚህ «የእኛ ልጅ ጨዋ ነው» የሚለውን ትተን ልጁን አንድ ነገር እንንገረው። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ትንሽ ቅጣት ከፍለህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» ሲባል፣ ተገላገልኩ ብሎ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ጉዳዩን የያዘው የወንጀል ጠበቃም የዲፖርቴሽን አደጋ ካለ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ግዴታ አድርጎበታል።