እርማት፦ መሠረተ ክርስቶስ ከደርግ በኋላ የመጣች አይደለችም

መሠረተ ክርስቶስ ሜኖናውያን የሚባሉ የፕሮቴስታንት ወገን ሚሲዮናውያን የጀመሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። አዲስ አበባ ዳርቻ ስላሉት አጥቢያዎቿ ሲወራ «ሜኖናውያን እኮ ደርግ ሲወድቅ ነው የገቡት» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ወዳጆች፣ ይሄ ልክ አይደለም። ሚሲዮናውያኑ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል የከፈቱት በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በ1943 ዓ.ም. ተጠመቁ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኗን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ምእመናኑ ግን በየሰው ቤት በድብቅ እየተሰበሰቡ በብዙ እጥፍ አደጉ።

ሰው የሚሳሳተው፣ መቼም አይፈረድበትም፣ አዳራሹን አይቶ ነው። ከ1983 በኋላ የተሠራ አዳራሽ አይተን «አጥቢያውም ያኔ ተጀመረ» ካልን፣ እነዚያን የድብቅ ዓመታት ከነሰዎቻቸው ሰረዝናቸው ማለት ነው። ማጣራት የፈለገ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች «ከ1974 በኋላ የት ትሰበሰቡ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። የይዞታ ካርታው ላይ ያለው ቀን የሚናገረው ስለ መሬቱ ብቻ ነው።