ስሙ የሌላ፣ እንጨቱ የሌላ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ላይ እንግዳ ሆነው የቀረቡ አንድ የአትሌቶች ማናጀር የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጨዋታው የተነሣው ኳስን በጠፍጣፋ የእንጨት ዱላ እየመቱ ከሚጫወቱት ከክሪኬት ነበር። ስፖንሰር ያላቸው ተጫዋቾች ሌላ ጠራቢ ባዘጋጀላቸው ዱላ ላይ የስፖንሰራቸውን ምልክት ለጥፈው ወደ ሜዳ እንደሚገቡ አዘጋጁ ካወሳ በኋላ፣ የእኛ ሯጮችስ በጫማ እንዲህ ያደርጋሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እንግዳው አላመነቱም። «ይህ በዓለም የተለመደ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ደግሞ ማታለል አይባልም። ደግሞስ የሚሮጠው እግሩ ነው እንጂ ጫማው አይደለም» አሉ። አዘጋጁም አመስግኖ ወደ እግር ኳስ ውጤቶች ተሻገረ።

እኔ ግን መሻገር አልቻልኩም። ሁሉም የሚያውቅ ከሆነ ስፖንሰሩ ገንዘቡን የሚከፍለው ለምንድን ነው? ኩባንያው ለተጫዋቹ የሚከፍለው፣ ተመልካቹ «ይህ ሰው መቶ ነጥብ ያስቆጠረው በዚህ ድርጅት ዱላ ነው» ብሎ አምኖ ሱቅ እንዲገባና ያንኑ እንዲገዛ ነው። የሚያምን ሰው ባይኖር ኖሮ ምልክቱ ዋጋ ባልኖረው፣ ዋጋ ባይኖረው ደግሞ ውል የሚፈርም ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ የውሉ ገንዘብ በሙሉ የሚመጣው ከማያውቀው ሰው ኪስ ነው። «ሁሉም ያውቃል» ሲባል «ሁሉም» የተባሉት ማናጀሮች፣ ኩባንያዎችና ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፤ ገዢው ከቁጥር አልገባም።

ሁለተኛው አባባል ከዚህም የባሰ ነው። የሚሮጠው እግሩ ብቻ ከሆነ የስፖንሰሩን ጫማ አድርጎ መሮጥ ምን ይከብዳል? ሰው የተፎካካሪን ጫማ ገዝቶ፣ ምልክቱን በቀለም አጥፍቶ፣ የራሱን ስፖንሰር ምልክት እስከ መሳል የሚደክመው ልዩነቱን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነው። ጫማ ለውጥ እንደሚያመጣማ የአትሌቲክሱ ዓለም ከተቀበለው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ኤሉድ ኪፕቾጌ፣ ፈይሳ ሌሊሳና ጋለን ራፕ ሜዳሊያ ሲወስዱ ሦስቱም የሮጡት ናይኪ ገና ለገበያ ባላቀረበው የሙከራ ጫማ ነበር፤ ኩባንያው ጫማውን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በቀጣዩ ዓመት ነው። ይህን የምለው የፈይሳን ብርታት ለማሳነስ አይደለም፤ እግር ያለ ጥርጥር ይሮጣል። ነገር ግን የስፖርቱ የበላይ አካል የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ፕሌት (ጠንካራ ዝርግ ንጣፍ) እንዳይኖር የደነገገው ጫማው ምንም ስለማይሠራ ነው ሊሉን ነውን? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በቪየና ማራቶን ቀድሞ ገብቶ ድሉን የተነጠቀው፣ ያደረገው ጫማ ሶሉ 5 ሴንቲሜትር ስለነበረና ከውድድሩ በፊት በቅጹ ላይ ያስመዘገበውም ሌላ ጫማ ስለነበረ ነው። ሁለተኛ የገባው ኬንያዊ ከኋላው የነበረው 3 ሴኮንድ ብቻ ነው። በአትሌቲክስ ቢያንስ «ምን አድርገሃል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ።

በክሪኬት ግን ይህም የለም። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል የዱላው ጠርዝ ከ40 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከ67 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተወስኖ መለኪያ ተዘጋጅቶለታል፤ ማን ጠረበው ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ ግን አልተጻፈም። ይህ የሆነው ባለሥልጣኖቹ ዱላ ላይ የሚለጠፍ ነገር ስለማያስጨንቃቸው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አውስትራሊያዊው ዑስማን ኸዋጃ የወይራ ዝንጣፊ የያዘች ትንሽ ርግብ በዱላውና በጫማው ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ከለከለው። አንዲትን ርግብ አይቶ የሚከለክል ዓይን፣ በዚያው እንጨት ላይ የተለጠፈውን የሐሰት የአምራች ስም ሳያይ ያልፋል። የሰላም ምልክት ፈቃድ ሲያስፈልገው ውሸት ያለ ፈቃድ ሜዳ ይገባል።

አንድ ነገር ልቀበል። የሕንዱ ጎማ አምራች ኤም.አር.ኤፍ. ስም ለረጅም ዓመታት በሕንዳውያኑ ዝነኛ ተጫዋቾች በሳቺን ቴንዱልካር፣ በኋላም በቪራት ኮህሊ ዱላ ላይ ታይቷል። የመኪና ጎማ ድርጅት ስሙን ዱላ ላይ ሲያኖር፣ በማሊያ ላይ እንደሚጻፍ ማስታወቂያ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጠቡ የሚጀምረው ዱላ ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት ስም ሌላ ሰው በሠራው ዱላ ላይ ሲለጠፍ ነው። ያኔ ስሙ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚል ምስክርነት ይሆናል፤ ምስክርነቱም ሐሰት ነው።

ይህን ለመረዳት ክሪኬት ማወቅ አያስፈልግም፤ እኛ የጅማ ሰዎች በቡና ከበቂ በላይ ተምረነዋል። አንድ ነጋዴ ከጅማዎቹ ከጎማ ወይም ከማና ወረዳ የሰበሰበውን ጀንፈል አስፈልፍሎ «ይርጋጨፌ» ተብሎ በተጻፈበት ጆንያ ቢሞላውና ወደ ውጭ ቢልከው ምን እንለዋለን? ቡናው ጥሩ ሊሆን ይችላል። የጠጣውም ባሕር ማዶ ተቀምጦ «እንዴት ያለ ቡና ነው!» ብሎ ሊያደንቅ ይችላል። ነጋዴው ታዲያ «ገዢው ወዶታል፣ በሙያው ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቃለን፣ የሚጠጣው ቡናው ነው እንጂ ጆንያው አይደለም» ቢለን እሺ ብለን እንሸኘዋለን? አንሸኘውም፤ ሌባ እንለዋለን። የሰረቀውም አንድ ሰው ብቻ አይደለም። እሸቱን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ በአልጋ ላይ አስጥቶ፣ ዝናብ ሲመጣ በሌሊት ተነሥቶ የሸፈነውን የጅማ ገበሬ ሰርቆታል፤ የዚያ ሰው ሙያ ተመስግኖ ምስጋናው ሌላ አገር ሄዷልና። የይርጋጨፌውንም ገበሬ ሰርቆታል፤ ስሙን ያለ ፈቃዱ ለማያውቀው ቡና ዋስ አድርጎታልና። በሚቀጥለው ዓመት የተበላሸ ቡና በዚያው ስም ቢሄድ ዕዳው የእሱ ነው። ገዢውንም ሰርቆታል፤ የወደደውን ቡና ዳግም ሊገዛ ሲፈልግ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይሄዳል፣ ያንንም ጣዕም አያገኘውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተሟገተችው፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር እስከ 2007ቱ ስምምነት ድረስ የተነታረከችው ለጆንያ ጽሑፍ ብላ ነበርን? ስም የገበሬው ሀብት ስለሆነ ነው። እኛ በስማችን ሀብት ላይ እንዲህ ተሟግተን ስናበቃ፣ የእኛው ማናጀር በሬዲዮ ቀርበው ስም መለጠፍ ምንም አይደለም ሲሉ መስማት ያማል።

አሁን ወደ ዱላው እንመለስ። ጠራቢው የአኻያውን ግንድ መርጦ፣ ፈልጦ፣ ለዓመት ያህል አድርቆ፣ በመጭመቂያ ተጭኖ፣ ጠርቦ፣ ክብደቱን በተጫዋቹ እጅ ልክ ያስተካክላል። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሲፈለፍል ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም፤ አንድ የተሳሳተ ምት ሁሉን ያበላሻል። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሥራ በአንድ ተለጣፊ ወረቀት ይሸፈናል። በምልክቱ ስም ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ዱላ ግን ያ ጠራቢ ፈጽሞ ያልነካው ነው። የገበሬው፣ የገዢውና የስሙ ጉዳት እዚህም ሳይጎድል አለ።

በተቃራኒው ሐቀኛ ማስተዋወቅ ምን እንደሚመስል የራሳችን ልጅ አሳይታናለች። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በበርሊን ማራቶን 2:11:53 ስትገባ በእግሯ የነበረው ጫማ በስሙ የታወቀ፣ በ500 ዶላር ዋጋ 521 ጥንድ ለሽያጭ የቀረበ ነበር። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ብዛቱም ጥቂት ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ያለው ጫማና የሮጠችበት ጫማ አንድ ነው።

በማለዳ በጅማ ስታዲየም ከታዳጊዎች ጋር እሮጣለሁ። በቅርቡ ከመካከላቸው አንዱ ቤተሰቦቹ ቡና ሸጠው የገዙለትን ጫማ ይዞ መጣና፣ በስልኩ ላይ ያለውን የአንድ ሻምፒዮን ፎቶ እያሳየኝ «ጋሼ፣ እሱ ያሸነፈበት ይኼው ነው አይደል?» አለኝ። ምልክቱ አንድ ነው። አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እርግጠኛ መሆን የማልችልበት ዘመን ነዋ። ማናጀሩ «ሁሉም ያውቃል» ሲሉ ይህ ልጅ ከሁሉም ውስጥ የለበትም?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ክሪኬት ከየትኛውም ቦታ በላይ በሚሸጥባት ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የሸማቾች ሕግ፣ አሳሳች ማስታወቂያ ላይ ስሙን የሰጠ ታዋቂ ሰው እስከ 1 ሚሊዮን ሩፒ፣ ከደገመው እስከ 5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲቀጣና ምርት ከማስተዋወቅ እንዲታገድ ይፈቅዳል። ውሉን የሚያረቅቀው ተጫዋቹ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወጣት ስፖርተኛ ከትልቅ ኩባንያ ፊት ብዙ አቅም የለውም። ነገር ግን ማናጀር የሚቀጠረው ለዚህ ነው፤ «ደንበኛዬ በማይጠቀምበት ዕቃ አይምልም» ለማለት። ኩባንያውም ቢሆን ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ስፖርተኛው የሚወደውን የሚያህል ዕቃ ይሥራ፣ ወይ የጠራቢውን ስም ከራሱ ስም አጠገብ ያስቀምጥ።

የሬዲዮው አዘጋጅ እንግዳውን መልሶ እንዲጋብዝ እጠይቃለሁ። ስለ ዓለም ልማድ አይጠይቃቸው። እሳቸው የሚወክሏቸው አትሌቶች ባለፈው ዓመት በየውድድሩ የትኛውን ጫማ አድርገው እንደሮጡና ውላቸው የትኛውን እንደሚል በየስሙ ይጠይቃቸው። እኔም ያን ልጅ ይዤ ሬዲዮው አጠገብ እቀመጣለሁ።