ማክሰኞን አትንኩብን

ባለፈው ሳምንት የበጎ አገልግሎት ክለባችን ቦርድ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ከእንግዲህ በየማክሰኞ ማታ አንሰበሰብም። በወር አንዴ ብቻ እንገናኛለን። የቀረውን «በቴሌግራም ግሩፕ እንጨርሰዋለን» ተባልን። ይህንንም የሰማነው እዚያው ግሩፑ ላይ ነው። ሦስት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት የአውራ ጣት ምልክት። አለቀ።

ውሳኔው አናዶኛል። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሰብሳቢያችን አንድ አባል «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ ነው። «ስብሰባ አገልግሎት አይደለም» አሉ። «እኛ የተቋቋምነው ሰው ለመርዳት እንጂ ወንበር ለማሞቅ አይደለም።»

ሰብሳቢያችንን አከብራቸዋለሁ። በትንሽ ከተማ ውስጥ 34 ሰው ያለው ክለብ መምራት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ንግግራቸውን ግን አልቀበልም።

ከጊዜ ቁጠባው ልጀምር። የቦርዱ ዋና መከራከሪያ እሱ ነውና። እሺ፣ እንቁጠረው። ስብሰባችን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በወር አራት ጊዜ ሲሆን ስድስት ሰዓት ነው። በወር አንዴ ካደረግነው አራት ሰዓት ተኩል ይተርፈናል። ታዲያ ይህቺ አራት ሰዓት ተኩል ለምን ልትውል ነው? ችግኝ ልንተክልባት ነው? የታመመ ልንጠይቅባት ነው? ውሳኔው ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም። እኔ ግን የት እንደምትገባ አውቃለሁ። እዚያው ግሩፑ ውስጥ ትቀልጣለች። ባለፈው ለጽዳት ዘመቻው መሰላል ማን ያምጣ የሚለውን ለመወሰን ሁለት ቀን ሙሉ ተጻጽፈናል። አንዱ «እኔ አለኝ» አለ። ሌላው «የትኛው ነው፣ የእንጨቱ ወይስ የብረቱ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው ሳያነብ «መሰላል ያለው ሰው አለ?» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። በመጨረሻ ሁለት ሰው መሰላል ይዞ መጣ፣ መጥረጊያ ያመጣ ግን አልነበረም። ማክሰኞ ማታ ቢሆን አንድ እጅ ይወጣል፣ ጸሐፊዋ ትመዘግባለች፣ በግማሽ ደቂቃ ይዘጋል። ይሄ ነው እንግዲህ ቁጠባ የተባለው!

ሁለተኛው ክርክር «ሮታሪም እኮ ደንቡን አላልቷል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሮታሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የአገልግሎት ክለቦች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለክለቦቹ ስለ ስብሰባ ሰፋ ያለ ነፃነት ሰጥቷል። ድሮ አራት ተከታታይ ስብሰባ የቀረ ሰው አባልነቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ያ ጥብቅነት ላልቷል። ግን አንድን ደንብ ምሳሌ ካደረጉት አይቀር እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ያ የላላው ደንብ ራሱ ክለቦች በሆነ መንገድ ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ ይገናኙ ይላል። ሁለት ጊዜ! የእኛ ቦርድ ከላላው ደንብም በታች ወርዶ «እነሱም እንዲህ አድርገዋል» ይለናል። እንዲህ ያለ ክርክር ባይቀርብ ይሻላል።

ደግሞ ሮታሪን ካነሳን አይቀር፣ ስሙ ከየት እንደመጣ እናንሳ። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ተሰበሰበ። በትንሽ ከተማ ያደገ ሰው ነበር። በትልቁ ከተማ የናፈቀው ያ የሚያውቀው ሰው ለሰው መቀራረብ ነው። መጀመሪያ ላይ ስብሰባቸውን በየተራ እየዞሩ በአባላቱ ቢሮ ያደርጉ ነበር። «ሮታሪ» የተባለውም በዚሁ መዟዟር ነው። ልብ በሉ። በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት የአገልግሎት ክለቦች አንዱ ስሙን ያወጣው ከረዳው ሰው ወይም ከሠራው ሥራ አይደለም፤ ከስብሰባው ነው። አገልግሎቱ ከዚያ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ከያዟቸው የሕዝብ ጉዳዮች አንዱ በከተማው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ መወትወት ነበር። ተሰብስበው ሲያወሩ የታያቸው ነገር ነው። መጸዳጃ ቤት የሚያሳስበው ሰው በየሳምንቱ በዚያው መንገድ እየሄደ በየሳምንቱ ስለዚያው መንገድ የሚያወራ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ትልቁ ነጥብ። ሰብሳቢያችን ስብሰባ ማለት አጀንዳው ይመስላቸዋል። አጀንዳውማ ቴሌግራም ላይ ሊያልቅ ይችላል። እኔ የምከራከረው ደወሉ ከመደወሉ በፊት ስላለችው ሩብ ሰዓት ነው። ወንበር እየተሳበ፣ አንዱ ጃኬቱን እያወለቀ፣ ሌላዋ የፊርማ መዝገቡ ላይ እየፈረመች የሚወራው ወሬ። ክለባችን ያለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። አንድ ማክሰኞ መድኃኒት ቤት የምትሠራ አባላችን እየፈረመች «ዛሬም ያ ልጅ መጣ» አለች። የማን መድኃኒት እንደሆነ፣ ለምን በሽታ እንደሆነ አልተናገረችም። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው አለች። ሁልጊዜ ጠዋት ይመጣል፣ ሁልጊዜ ብቻውን ነው፣ የቦርሳው ማንገቻ በሽቦ ታስሯል። ከኋላዋ ተራ ይጠብቅ የነበረው መምህር እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። «ሰማያዊ ቦርሳ ነው?» አላት። ሰማያዊ ነበር። ልጁ የእሱ ተማሪ ነው። ጠዋት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስለሚቀር በማግስቱ ወላጅ እንዲያመጣ ሊያዘው ወስኖ ነበር። ወላጅ ይምጣ ሲባል ግን ማን ይመጣል? መድኃኒት የሚያመላልሰው ልጁ ከሆነ ቤት ውስጥ መምጣት የሚችል ሰው የለም ማለት ነው። ከዚያ ጋራዥ ያለው አባላችን ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቀ። በእሱ መንገድ ላይ ነበር። «ማታ ሥራ ስጨርስ መድኃኒቱን እኔ አደርሳለሁ፣ ቤተሰቡ እሺ ካለ» አለ። ደወሉ ተደወለ። ሁላችንም ተቀመጥን።

ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ የለም። አጀንዳ አልነበረም፣ በጀት አልተያዘለትም፣ ፎቶም አልተነሳም። ያ ልጅ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሰዓቱ ክፍል ገባ።

አሁን ንገሩኝ። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ አባላችን ይህንን ግሩፑ ላይ ትጽፈው ነበር? «ዛሬ አንድ ልጅ መድኃኒት ሊገዛ መጣ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ? አትጽፈውም። ዜና አይደለም፣ ጥያቄም አይደለም። ብትጽፈውስ ለ34 ሰው የሰው ጓዳ መግለጥ ነው፣ እሷም እንዲህ ያለ ነገር የምታደርግ ሴት አይደለችም። በአፍ፣ በዝግታ፣ አጠገቧ ላለ ሰው ብቻ የምትናገረው ነገር ነው። በወር አንዴ ቢሆንስ? በወሩ ሌላ መቶ ነገር መጥቶ ተረስቷል። ልጁም ወላጅ አምጣ ተብሎ ከክፍል ቀርቷል።

ትንሽ ከተማ ውስጥ ችግር በማመልከቻ አይመጣም። የተቸገረ ሰው ስለሚያፍር፣ ሁሉም ስለሚተዋወቅ፣ ክለባችን ቢሮ መጥቶ ቅጽ አይሞላም። ችግሩን የምናገኘው እርስ በርስ ከተያያዙ ቁርጥራጭ ወሬዎች ነው። አንዷ ጠዋቱን አይታለች፣ አንዱ ክፍሉን፣ አንዱ መንገዱን። ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ካልቆሙ አይገጣጠምም። አጀንዳ ያዥ ቢሆን፣ ቅጽ ቢሆን፣ ምን ዓይነት አፕ ቢሆን ይህንን ሊሠራ አይችልም።

ይህ የእኛ ክለብ ገጠመኝ ብቻ ነው የሚል ካለ ሌላውን የአገልግሎት ክለብ፣ ላየንስ ክለብን ይመልከት። ዛሬ ዓይነ ስውር ሰው የሚይዘው ነጭ በትር አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው እንዴት ነው? ፒዮሪያ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ የላየንስ ክለብ አባል የነበረው ጆርጅ ቦንሃም አንድ ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ። የሰውየው በትር ጥቁር ነበርና ሾፌሮች አያዩትም። ቦንሃም ያየውን ወደ ክለቡ አመጣው። በትሩን ነጭ እንቀባው፣ ቀይ ቀለበትም እናድርግበት አለ። ክለቡ ተቀበለው። ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1930 ነጭ በትር የያዘ ሰው ቅድሚያ እንዲሰጠው ደንብ አወጣች። ነገሩ የተነሳው አንድ ሰው መንገድ ላይ ካየው ነው። ጥናት አልነበረም፣ ፕሮጀክት አልነበረም። ያየውን ሳይቀዘቅዝ የሚያወራበት ቦታ ነበረው። ቦንሃምን «እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቅ፣ ወይም ግሩፑ ላይ ጣል አድርገው» ቢሉት ኖሮ በትሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀር ነበር። በዚህ እምላለሁ።

ትልቁንም ሥራ ብናይ ያው ነው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ፊሊፒንስ ውስጥ ሕፃናትን ስለ ፖሊዮ ማስከተብ ጀመረ። በ1985 ዘመቻውን ዓለም አቀፍ አደረገው። በ1988 ፖሊዮ በ125 አገሮች በዓመት ወደ 350,000 ሰው ያሽመደምድ ነበር። ዛሬ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትና መንግሥታት እንደደከሙበት አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ዓመት ያለ ደመወዝ ገንዘብ ያዋጣው፣ ቤት ለቤት የዞረው ሰው ከየት መጣ? ከየሳምንቱ ስብሰባ ነው የመጣው። በየሳምንቱ ፊት ለፊት የሚያይህ ሰው ሲኖር ቃልህን አታጥፍም።

ፊት ለፊት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከአባሎቻችን በዕድሜ ትልቁ የሆኑት አባት ሁለት ማክሰኞ ተከታትለው ቀሩ። ወንበራቸው ባዶ ነበርና ሁላችንም አየነው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰው ቤታቸው ሄደ። አልታመሙም። ጆሯቸው እየደከመ ስለሄደ ንግግሩ አልሰማ ብሏቸው ነው የቀሩት። ለሰው መናገር አፍረው ነበር። ወንበራቸውን ከፊት አደረግነው፣ ተናጋሪውም ወደ እሳቸው ዞሮ እንዲናገር ተስማማን። በቃ፣ ተመለሱ። እኚህ አባት ግሩፑ ውስጥም አሉ። መልእክቱ መታየቱን ያሳያል፣ ከዚያ ዝም። ግሩፕ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ ይመስላል። አዳራሽ ውስጥ ግን የአንድ ሰው ዝምታ ይታያል፣ ባዶ ወንበርም ይናገራል። ይህንን ነው «ወንበር ማሞቅ» ያሉት።

«ወጣቶች ስብሰባ አይወዱም» የሚልም አለ። ይህ ወጣቶችን አለማወቅ ነው። ዓምና ሁለት ወጣቶች ገብተው ነበር። አንዱን ለሁለት ወር ምንም ሥራ ሳንሰጠው ዳር አስቀመጥነው፣ ሄደ። ሌላዋን በር ላይ መዝገቡን አስያዝናት። የሁሉንም ሰው ስም በሦስት ሳምንት ያወቀችው እሷ ናት፣ እስካሁን አንድ ማክሰኞ አልቀረችም። ወጣቱን ያባረረው ስብሰባው አይደለም። እኛ ነን።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ቃለ ጉባኤ ማንበብ ሃያ ደቂቃ መውሰድ የለበትም፣ የእንግዳ ተናጋሪ መግቢያም ከንግግሩ መርዘም የለበትም። ትንንሽ ልጆች ላላቸው እናቶችና አባቶች ሰዓቱ ከብዶ ከሆነ ሰዓቱን እንቀይረው፣ ልጆቹም ይምጡ። ስብሰባውን አሳጥሩት። ማክሰኞን ግን አትንኩ።

የክለባችን መተዳደሪያ ደንብ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከፈረመ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል ይላል። ከ34 ሰው 12 ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ በየቤቱና በየሥራ ቦታው ዞሬያለሁ። መምህሩ ፈርሟል፣ ባለ ጋራዡም። እኚያ ትልቁ አባት በመነጽራቸው ሁለቴ አንብበው ፈረሙ። እስከ ትናንት ማታ 11 ደርሰናል። አንድ ፊርማ ይቀረናል፣ ሰብሳቢያችንም አባል ናቸው፤ ነገ ቢሯቸው እሄዳለሁ።