ያለ ደረሰኝ ለሚገዛው ጨዋ ሕዝብ የቀረበ ምስጋና

ዛሬ ለማመስገን ነው የተነሳሁት። ወቀሳውን ጠግበነዋል። ገቢዎች ይወቅሳል፣ ቴሌቪዥን ይወቅሳል፣ አይኤምኤፍ ከዋሽንግተን ድረስ ሻንጣውን እየጎተተ መጥቶ ይወቅሳል። እስቲ አንድ ሰው ደግሞ ይነሳና "ያለ ደረሰኝ ስንት ትለዋለህ?" የሚለውን ጨዋ ሕዝብ "እሰይ፣ አበጀህ!" ይበለው።

ጥያቄዋን ልብ በሉልኝ። አጭር ናት። ማንበብና መጻፍ አትጠይቅም። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ፓርቲ አትለይም። በሌላው ነገር ሁሉ ሲናከስ የሚውል ሕዝብ እዚች ላይ ሲደርስ አንድ ልብ ነው። ስለ አገራዊ መግባባት በየአዳራሹ የሚለፋ ሁሉ ግማሽ ቀን መርካቶ ቢውል ድካሙ በቀለለለት።

መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ እንግባ። አንድ ጎልማሳ የመኪናቸው ፍሬን ጮኾባቸው የፍሬን ሸራ ሊገዙ ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ልጁ ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረደና አቧራውን በመዳፉ ጠረገ።

"ስንት ነው?"

"በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ፣ ጋሼ?"

"እስቲ ሁለቱንም ንገረኝ።"

"በደረሰኝ 6,900። ያለ ደረሰኝ 6,000።"

ጋሼ ወደ ደረሰኝ ማሽኑ ዞረው አዩ። ማሽኑ ባንኮኒው ጥግ ላይ ነው። በላዩ ካልኩሌተር ተቀምጧል፣ በካልኩሌተሩ ላይ ደግሞ የቡና ስኒ። ስኒው ውስጥ ያለው አተላ ደርቋል።

"ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል? አልበላው!"

"እሱን እኮ ነው የምልዎት።"

"በቴሌብር ልላክልህ?"

"ካሽ ቢሆን ይሻላል ጋሼ። ካልያዙ በዚህ ቁጥር ይላኩልኝ። የእህቴ ነው። ምክንያት የሚለው ላይ 'ብድር' ብለው ይጻፉት።"

አለቀ። ጠበቃ የለ፣ ውል የለ፣ ምስክር የለ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ተማመኑ። ያውም አንዱ ለሌላው እህት 6,000 ብር "አበድሮ" ወጣ። ማኅበራዊ ትስስራችን ላልቷል የሚል ሰው ይህን አላየም።

ቫት፣ ማለትም ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አገራችን የገባው በ1995 ነው። 15 በመቶ ሆኖ ገባ፣ እስካሁንም 15 በመቶ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ሲጨምር እሱ ባለበት መቆሙ ሊያስመሰግነው ሲገባ ዋጋ መደራደሪያ አደረግነው። ድሮ ገበያ ስንወጣ "ቀንስ" ብለን ነበር የምንጀምረው። ነጋዴው ይምላል፣ እኛ እንሄዳለን፣ መልሶ ይጠራናል። አሁን ያ ሁሉ ቀረ። ቅናሹን የምንወስደው ከነጋዴው ኪስ ስላልሆነ ማንም አይምልም።

እዚህ ላይ ግን ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፤ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ብልሃት አለበት። ነጋዴ በደረሰኝ ሲሸጥ በቫት ስም የተቀበለውን 900 ብር እንዳለ ለመንግሥት አያስረክብም። ዕቃውን ሲገዛ የከፈለውን ቫት ቀንሶ ልዩነቱን ነው የሚያስገባው። ሸራውን በ5,000 ብር ገዝቶ 750 ብር ቫት ከፍሎበት ከሆነ ለመንግሥት የሚያስገባው 150 ብር ብቻ ነው። ታዲያ 150 ብር ላለመክፈል 900 ብር የሚቀንስ ነጋዴ በመርካቶ ምድር ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ልጁ 900ዋን የለቀቃት እሱም ሲገዛ ያለ ደረሰኝ ስለገዛ ነው። የሸጠለት አከፋፋይም እንደዚያው። ከአከፋፋዩ በላይ ያለው አስመጪ ደግሞ ጉምሩክ ላይ ዋጋውን አሳንሶ ያስመዘገበ እንደሆነ፣ ያን ሁሉ ዕቃ በእውነተኛ ዋጋው በደረሰኝ ቢሸጥ ራሱን በራሱ ከሰሰ ማለት ነው። ከወደብ እስከ ባንኮኒ ድረስ አንድ ወረቀት ያልነካው ንጹሕ ዕቃ! "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" የሚለውን ተረት የመርካቶን ሰው ያህል የተረዳው የለም። ስለዚህ ወረቀት አያስይዝም።

በዚህ መሐል አንድ ቸርቻሪ ብድግ ብሎ "እኔ ብቻዬን እጸድቃለሁ" ቢልስ? ቫቱ ሙሉውን እሱ ላይ ያርፋል። የሚቀንሰው የግዢ ቫት የለውማ። የትርፍ ግብር ሲሰላም ዕቃውን ስንት እንደገዛው የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። ከጎረቤቱ በ900 ብር የተወደደ ሸራ ይዞ ደንበኛ ሲጠብቅ ይውላል። ኅዳር 2017 ላይ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ መዋሉ ትዝ ይላችኋል። ተቆጣጣሪው ከሰንሰለቱ ጫፍ፣ ካርቶኑን በመዳፉ ከሚጠርገው ልጅ መጀመሩ ደግሞ የራሱ ምስጋና ይገባዋል። እሱን ማግኘት ይቀላል። በር ላይ ነው የሚቆመው።

ማሽኑንም ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ሆደ ባሻ ነው። ደንበኛ ደረሰኝ ሲጠይቅ ኔትወርክ ይጠፋበታል። ወረቀት ያልቅበታል። የሚሠራበት ልጅ ለምሳ ይወጣል፣ ጠዋት በ3 ሰዓትም ቢሆን። ተስፋ ሳትቆርጡ ከቆማችሁ ደግሞ "ወረድ አድርጌ ልምታልዎት?" የሚል ሽምግልና ይመጣል። የ6,900 ብሩ ዕቃ በ1,200 ብር ደረሰኝ ይቆረጥለታል። እናንተ ወረቀት አገኛችሁ፣ መንግሥት ቅምሻ አገኘ፣ ማሽኑም ተሻለው።

ምግብ ቤት ሲሆን ጥበቡ ይረቃል። በልታችሁ ስትጨርሱ አስተናጋጇ በቆዳ ማህደር ቀጭን ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ቫት ተደምሯል። ሰርቪስ ተደምሯል። ከታች፣ መነጽር ለያዘ ሰው፣ ይህ ደረሰኝ እንዳልሆነ ተጽፏል። ሶማሌ ተራ ቢያንስ ቫቱን ለእኛ ትቶልን ነበር። እዚህ እኛ ከፈልን፣ ቤቱ አስቀረው። ታዲያ "ዋናውን ደረሰኝ አምጪልኝ" የሚል አለ? አንዳንዴ አለ። አብረውት የተቀመጡት አንገታቸውን ይደፋሉ። ከጎን ያለው ጠረጴዛ ዞር ይላል። "ከገቢዎች ነህ እንዴ?" ይባላል፣ ሰላይ የተያዘ ይመስል። ቫት ከፍሎ ዝም ያለ ግን ጨዋ ነው፣ ቲፕም ይጨምራል።

ዓለም ይህን ሁሉ ሳያውቅ ስለ እኛ ይጨነቃል። ሐምሌ 2007 ላይ የመንግሥታት መሪዎችና የገንዘብ ሚኒስትሮች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር፤ ልማት በምን ገንዘብ ይሠራ ብለው። ሦስተኛው የፋይናንስ ለልማት ጉባኤ ይባላል። ድሃ አገሮች ከራሳቸው ግብር ልማታቸውን ይበልጥ ይደጉሙ ተባለ። የአዲስ ታክስ ኢኒሺዬቲቭ የሚባል ቃል ኪዳንም በከተማችን ስም ተፈረመ። ለጋሾቹ ግብር መሰብሰብን ለማገዝ የሚሰጡትን ድጋፍ እጥፍ እናደርጋለን አሉ። ልብ በሉ፣ ሐምሌ ነው። እነሱ አዳራሽ ውስጥ ስለ ግብር ሲመክሩ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዩ በየወረዳው ዝናብ ላይ ተሰልፎ ነበር። ሻይ ቤት ያላት፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሱቅ በደረቴ ሆኖ ጀምሮ ኪዮስክ የከፈተው።

አሥር ዓመት ቆይተው ስፔን፣ ሴቪያ ላይ ደገሙት። እዚያ ደግሞ ቁጥር ቆረጡ። የግብር ገቢያቸውን ቢያንስ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 15 በመቶ ማድረስ ለሚፈልጉ አገሮች እገዛ ይደረግ አሉ። 15 በመቶ! ቁጥሯን ከየት እንዳመጧት እንጃ እንጂ እኛማ እናውቃታለን። በየባንኮኒው የምናስቀንሳት እሷን አይደል? የእኛው 10 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ እነሱ ወደ 15 ግቡ ይሉናል፣ እኛ 15ቱን ቀንሱልን እንላለን።

ፈረንጁም ቢሆን ከእኛ የሚማር እንጂ የሚያስተምር እንዳይመስላችሁ። የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ የመሩት ቡድን በ2007 ባቀረበው ሪፖርት አፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ በሚወጣ ገንዘብ በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታጣለች ብሏል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ደግሞ የባለሥልጣን ጉቦ አይደለም፤ ኩባንያዎች በንግድ ስም ዋጋ እየቀነሱና እየጨመሩ የሚያሸሹት ነው። አንዱ ኩባንያ ከራሱ እህት ኩባንያ ጋር በፈለገው ዋጋ ይገበያያል። የሶማሌ ተራው ልጅ እህት አንድ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው ያላት።

አሁን ደግሞ ደሞዝተኛውን እናመስግን። ያለ እሱ ይህ ሁሉ ጨዋታ አይደምቅም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከእሱም ገና እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሕጉ ተሻሽሎ እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ደሞዝ ከግብር ነፃ ሆኗል፣ ተመስገን። 20,000 ብር የሚከፈላት አስተማሪ ግን 4,950 ብር የሥራ ግብር፣ 1,400 ብር ጡረታ ይነሳባታል። እሷን "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢዋ ላይ 35 በመቶ ትከፍላለች፤ ድርጅት የሆነ ነጋዴ በሕጉ ከትርፉ 30 በመቶ ነው፣ ትርፍ መኖሩን ካመነ። የጎደለው በሷ ይሞላል። ካልሞላ እንበደራለን። ብድሩ ሲከብድ ምን እንደሚመጣ በታኅሣሥ 2016 አይተናል፤ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል ቀርቶ ስማችን ከዳር እስከ ዳር ተነሳ።

ይህን ስል ሕዝቡ ስስታም ነው እያልኩ አይደለም፣ ሎቱ ስብሐት። ለአባይ ግድብ የወር ደሞዙን የሰጠ፣ ቦንድ የገዛ፣ በ8100 ኤ መልእክት የላከ ያው ሕዝብ ነው። ጋሼም ቦንድ ሳይኖራቸው አይቀርም። የሚያየውን ነገር ሥራልኝ ሲባል ይሰጣል። 900 ብሯ የት እንደምትገባ ግን ማንም አሳይቶት አያውቅም። መንግሥትም ከቁጥር ውጭ ብዙ አይነግረውም፤ "ይህን ያህል ቢሊዮን ሰበሰብኩ" ይላል፣ ጭብጨባ ይጠብቃል።

በ2011 አካባቢ ገቢዎች ሚኒስቴር አንድ ጥሩ መፈክር ነበረው፤ "ግዴታዬን እወጣለሁ፣ መብቴን እጠይቃለሁ" የሚል። ሕዝቡ በጣም ወደደው። በተለይ ሁለተኛውን ግማሽ። ጋሼ ሸራቸውን ይዘው ሲወጡ መኪናቸው ጉድጓድ ውስጥ ገባች፣ አዲስ ፍሬን ደግሞ ጉድጓድ አይሞላም። "ይሄ መንግሥት ግን ምን ይሠራል?" አሉ፣ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ ሁሉም እንዲሰማ። ደረሰኝ ይዘው የተከራከሩ ነው የሚመስሉት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሕዝባችን ደረሰኝ አይወድም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። የሚወድበት ሰዓት አለ፤ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሲያወራርድ። ያኔ ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት አይገባም። ያኔ የሚያጥረው ደረሰኝ ሳይሆን ሆድ ነው። በዚህ ከተማ ቫት ሳይሸራረፍ የሚቆረጠው ላልተበላ ምሳ ነው።

የአገር ውስጥ ገቢን ስለማሳደግ የሚመክር ወርክሾፕ ሲጠናቀቅ አስተባባሪው ወደ ሆቴሉ ካሸር ይወርዳል። አንገቱ ላይ ባጁ አለ።

"ስንት ሰው ልበለው?"

"የመጣነው 40 ነን።"

"እሱንማ ቆጥሬያለሁ። ደረሰኙ ላይ ነው ያልኩህ።"

"60 በለው።"

"ሻይ ሰዓቱም ይግባ?"

"ሁለቱም ይግባ። ቫቱን ግን ለይተህ አሳየው፣ እኛ ሕግ እናከብራለን።"