ቦርሳውን የመለሰ ፌስታሉንም ይመልሳል

ወገኖቼ፣ በቶኪዮ ካጹሺካ ወረዳ፣ በዮጹጊ ሰፈርና በዙሪያዋ የምንኖር ሐበሾች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ብትፈልጉ ተቀየሙኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ከሕንጻችን ደጅ አንድ ፌስታል ብቻውን ተገትሮ አየሁ። የቆሻሻ መኪናው የሌላውን ሰው ሁሉ ወስዶ እሱን ትቶታል፤ የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ተለጥፎበታል። የሚቃጠለው ከማይቃጠለው ተደባልቆ ነበር፦ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ የበርበሬ መቋጠሪያ ላስቲክ። ስም አልተጻፈበትም፣ በርበሬው ግን አሳበቀብን። የታችኛው ፎቅ አሮጊት ቁራ እንዳይዘረግፈው መረብ እያለበሱት ደረስኩ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ እንደ ወትሯቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቡና ላይ ወሬው ያው የለመድነው ነው፦ «እነዚህ ሰዎች ማሽን ናቸው፣ ለፌስታል እንኳ ሕግ!» ይህን ያለው ወንድማችን እኮ ባቡር ላይ የረሳውን ቦርሳ ከነ30 ሺህ የኑ፣ ሳንቲም ሳይጎድል የተረከበ ሰው ነው! የጃፓን ሕግ ዕቃ ላገኘ ሰው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይፈቅድለታል። ባለቤቱ በ3 ወር ውስጥ ካልታወቀ ደግሞ ዕቃው ያገኘው ሰው ይሆናል። የእሱን ቦርሳ ያገኘው ሰው ግን ወሮታም አልፈለገ፣ ስሙንም አልተወ። ቦርሳውን የመለሰለትና ፌስታሉን የመለሰበት ጠባይ አንድ ነው። ባቡሩ ጥቂት ደቂቃ ሲዘገይ ለአለቃህ የምታሳየውን የመዘግየት ወረቀት የሚሰጥህም ይኸው ጠባይ ነው። አንዱን እያመሰገንክ ሌላውን የምትራገመው ምን ሆነህ ነው?

አታማርሩ አላልኩም። እኔም የማማርረው ሞልቶኛል። ቤት ስፈልግ ደላላው ፊት ለፊቴ ለአከራዩ ደወለ፣ «ጋይኮኩጂን»፣ የውጭ አገር ሰው፣ የምትለዋን ቃል ሰማሁ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እንዲህ 4 ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ስናገኝ ደግሞ «ሬይኪን» ብለው የማይመለስ የአንድ ወር ኪራይ ተቀበሉኝ፤ እንግዲህ ስላከራየኸኝ እጅ መንሻ መሆኑ ነው። ክሊኒክ ስሄድ የቤተሰብ ስም ነው ብለው የሚጠሩት አባቴን ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ አፈር ከለበሰ 11 ዓመቱ፤ እዚህ ግን ጥርሱን ይታከማል። ባለቤቴ በአባቷ ስም ስለምትጠራ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሁለታችንን ደጋግማ እያየች «በእርግጥ ባልና ሚስት ናችሁ?» አለችን። ባቡር ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ሰው ቆሞ እያለ ባዶ ሲሄድ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ይህ ሁሉ ያንገበግባል። ለሐበሻ አላከራይም ማለት የአከራዩ ጥፋት ነው። ሰበቡን ማቀበል ግን የእኛ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሌሊት እስክስታ ስንወርድ ግድግዳው እንደ ካርቶን ስስ መሆኑን አታውቁም ነበር? በማግስቱ በሩ ሥር የተገኘችውን፣ «ይቅርታ እየጠየቅን» ብላ የምትጀምር ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ሳቃችሁባት። እኔም ስቄያለሁ። ያን ለት የጻፈችው ሴት ሕፃን እንዳላት የሰማሁት ኋላ ነው።

ደግሞስ 10 ዓመት ኖሮ የቆሻሻ ቀን ሰሌዳ ማንበብ የማይችል ሰው፣ አከራይ ሲበድለው በየትኛው ቋንቋ ነው አቤት የሚለው? ቡና ላይ በአማርኛ? ማንበብ ያቃተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ፤ ደግመው ደጋግመው ያስረዱታል፣ በዚህ እንኳ አይታሙም። ቆሻሻው የሚወጣው ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊት ነው፤ በእኛ 2 ሰዓት ማለት ነው። «በሐበሻ ሰዓት መስሎኝ» የምትል ቀልድ ከእንግዲህ አትሠራም።

ፌስታሉን ያን ለት ማታ ቤቴ አስገብቼ ለየሁት። አተላውና ልጣጩ በቀኑ ሄዷል። የቲማቲሙን ቆርቆሮ አጥቤ በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቱ 3 ወር አለው።