«ሰፈሩ የት ነው?»

ደብረ ብርሃን ላይ መስታወት ለሚያጸዱ ልጆች ደውሎ «የጂ ፕላስ ዋን ቤት መስኮት በስንት ታጸዱልኛላችሁ?» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት መስኮት አለው?» አይደለም። «ሰፈሩ የት ነው?» ነው። ቀጥሎ «ቤቱ የራስዎ ነው?» ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠራው ዋጋ የደዋዩ ዋጋ ነው፤ መስታወቱ ገና አልተነሳም። አነጋገሩ የአዲስ አበባ ከሆነ ይጨመርበታል፣ ከውጭ የመጣ ከመሰለ ይደረብበታል፣ «መምህር ነኝ» ካለ ትንሽ ይራራለታል። ደዋዩም የዋዛ አይደለም። ዋጋው ተጠርቶ ሳያልቅ «በግማሹ!» ይላል።

ይህን የአጽጂዎቹ ስግብግብነት ብቻ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም። አጽጂው እንደሚቆረጥበት ስለሚያውቅ ይጨምራል፤ ደንበኛው እንደተጨመረበት ስለሚያውቅ ይቆርጣል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሁለቱም ጠርጥረው ይጀምራሉ። ክርክሩ በራሱም ጥፋት የለበትም። የመንዝ በግ ስንገዛም እንከራከራለን። ግን በጉ ሲገዛ ጀርባው ይዳበሳል፣ ጥርሱ ይታያል፣ ላቱ በእጅ ይመዘናል፤ ክርክሩ ስለ በጉ ነው። በመስኮቱ ገበያ ግን ማንም መስኮቱን አልነካም። ይህን መቀየር ያለበት ደግሞ ሥራውን የሚያውቀው ወገን፣ ማለትም አጽጂው ነው ብዬ አምናለሁ።

መስኮቱ ሲዳበስ ምን ይገኛል? መጀመሪያ ፍሬሙ። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ባለ አንድ መስታወት አሉሚኒየም መስኮት በ35 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ውሃ መጥረጊያ ጎማ ከላይ ወደ ታች አምስት ጊዜ ቢሳብ ያልቃል። ያው ስፋት በኤልቲዜድ የፍሬም ብረት ዘጠኝ ቦታ የተከፋፈለ ከሆነ ግን ዘጠኝ ትንንሽ መስታወትና 36 ማዕዘን ማለት ነው፤ ዋናው ጎማ አይገባም፣ የ20 ወይም የ15 ይፈለጋል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያለው ስቱኮም ከተሰነጣጠቀ ሲነካ ይፈረፈራል። ለባለቤቱ ሁለቱም «አንድ መስኮት» ናቸው። በመስኮት ቁጥር ብቻ የሚደራደር አጽጂ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ቆሻሻው። የበጋ አቧራ ቀላል ነው፣ የክረምት የጭቃ ፍንጣቂም ከረጠበ ይለቃል። የኩሽና ቅባት ሁለት ዙር ይፈልጋል። አስቸጋሪው የአዲስ ቤት ሲሚንቶና ቀለም ነው። በከተማዋ ጠርዝ ላይ በየጊዜው አዳዲስ ቤቶች ይነሳሉ፤ ብዙዎቹ ላይ መስታወቱ የሚገባው ልስኑና ቀለሙ ሳያልቅ ስለሆነ ፍንጣቂው እዚያው ይደርቃል። እርጥብ ሲሚንቶ አልካሊ በመሆኑ መስታወቱን ይበላዋል። ብዙ ከቆየ ሲሚንቶው ከተነሳ በኋላም ግራጫ ጥላ ይቀራል፤ ይህ ጥላ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙናም በኮምጣጤም አይለቅም። ሥራው ሳይጀመር ለባለቤቱ በጣት ማሳየት የሚገባው ይኸው ነው። ከተጀመረ በኋላ ግን «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ይሆናል።

ሲሚንቶን ለማንሳት መስታወቱ በደንብ መራስ አለበት፤ ደረቅ መስታወት ላይ ምላጭ አይወጣም። ምላጩ አዲስ ይሁን፣ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ተኝቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋ፣ ሲመለስ ይነሳ። ወደኋላ ከተጎተተ ሥሩ የገባችው የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱን ትፍቃለች። የድስት ሽቦ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጠዋት አያስታውቅም፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በጎን ሲገባ ግን መስታወቱ በሙሉ ድመት የቧጨረው ይመስላል። ማዕዘኑ ላይ ማኅተም ያለበት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ከሆነ ምላጭን ጨርሶ መተው ይሻላል። ሲመረት ፊቱ ላይ ተጣብቀው የቀሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ምላጩ እነሱን እየነቀለ ረጅም ጭረት ይሠራል።

ፎቆች ላይ የተለመደው እንደ መስታየት የሚያብለጨልጨው ሪፍሌክቲቭ መስታወት ሌላ ጣጣ አለው። የሚያብለጨልጨው ስስ ልባስ በየትኛው ፊት እንደሆነ ለማወቅ የእስኪርቢቶ ጫፍ ማስነካት በቂ ነው። ጫፉና ምስሉ ከተነካኩ ልባሱ በዚያው ፊት ላይ ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ በሌላው በኩል ነው። ልባሱ ወዳለበት ፊት ምላጭም ሽቦም አይጠጋም። ይህን ሙከራ የማያውቅ ልጅ የሦስት ቀን ገቢውን ለአንድ መስታወት መተኪያ ከፍሎ ይማረዋል።

ለተራው ጽዳት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ብዙ ደንበኛ «ውሃና ጨርቅ አይደል እንዴ!» የሚለውም ለዚህ ነው። 10 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ከዚያ ከበዛ መስመር ይተዋል። ኦሞ ያልሟሟ ቅንጣት ይተዋል፣ ጋዜጣ ነጭ ፍሬም ላይ ቀለሙን ያትማል፣ በረኪና አሉሚኒየም ያበላሻል። ፍሬሙና ሐዲዱ መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ከታጠበ በኋላ የሚጠርገው ጭቃውን መልሶ መስታወቱ ላይ ይቀባዋል። ጎማው ሲሳብ ያለፈውን መስመር ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርብ፣ በእያንዳንዱ ስበት መጨረሻ ላይ ጫፉ ይጠረግ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ቀጭን የውሃ መስመር የሚተው ከሆነ ጎማው ተቆርጧል፤ ይገለበጣል፣ ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ይቀየራል።

የደብረ ብርሃን አየርም ዋጋው ውስጥ አለ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ የያዘው መስታወት ላይ የፈላ ውሃ የደፋ ሰው መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ እስከ ሦስት ሰዓት ይጠበቃል። ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ ሳሙናው ጎማው ሳይደርስበት ይደርቃል፤ መፍትሔው ጠዋት የምዕራቡን፣ ከሰዓት የምሥራቁን ፊት መሥራት ነው። 95 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሰዓቱ ይገለበጣል። ቆላ በመሆኑ ገና ሲነጋ መጀመርና በትንሽ በትንሹ ማራስ ያስፈልጋል። ከደጋ ሄዶ በደጋ ሰዓት ዋጋ የሰጠ ቡድን እኩለ ቀን ላይ አንድ መስኮት ሦስት ጊዜ ሲያጥብ ይገኛል።

አዲስ ደንበኛን የሚያስቆጣው «አዲስ ስለሆንኩ ጨመሩብኝ» የሚለው ጥርጣሬ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የመጀመሪያው ጽዳት ውድ መሆን አለበት። 16 መስኮት ያለው አዲስ ቤት እንበል። ሲሚንቶና ቀለም ስላለበት እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ቢወስድ 400 ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው ስድስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ያው ቤት ከሦስት ወር በኋላ አቧራ ብቻ ሲይዝ በ8 ደቂቃ ሒሳብ 128 ደቂቃ፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያለፈ ይፈጃል። ለሁለቱም አንድ ዋጋ ከተጠራ አንደኛው ጊዜ ላይ አንዱ ወገን ተበልቷል። መፍትሔው ሁለቱንም ዋጋ በመጀመሪያው ቀን መናገር ነው፦ ለዛሬ ይህን ያህል፣ በሦስት ወር ውስጥ ከተደገመ ይህን ያህል። ደንበኛው ያኔ የሚከፍለው ለሲሚንቶው እንደሆነ ይገባዋል።

ዋጋ ከመጥራት በፊት አንድ መስኮት በባለቤቱ ፊት፣ ሰዓት እየተያዘ ማጽዳትን የመሰለ ማስረጃ የለም። ግን ከሁሉ የከፋው መስኮት ይመረጥ። ብዙዎች የሳሎኑን ያጸዱና በእሱ ያባዛሉ፤ የደረጃው ቤትና የኋላው ሲገለጥ ሥራ መሃል ጠብ ይነሳል። «በነጻ ልሠራ ነው ወይ?» የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ የባጃጅ ሒሳብም አለ። ለዚህም ከመሄድ በፊት ሁለት ፎቶ በቴሌግራም ማስላክ ይረዳል። አንዱ ግድግዳውን በሙሉ ከሩቅ፣ ሁለተኛው የአንድ መስታወት ማዕዘን ከቅርብ። ከዚያ በኋላ ቢበዛ የሚጠፋው 25 ደቂቃ ነው።

መቀነስ ካስፈለገ ደግሞ ሥራው ይቀነስ። ውጭው ብቻ ይታጠብ፣ የኋላው ይቅር፣ ሐዲዱ ይቆይ። ሥራው ሳይነካ ዋጋው ብቻ ሲወርድ ደንበኛው የተማረው የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት እንደነበር ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከግማሽ በታች ይጀምራል። ከዚህ የሚከፋው እሺ ብሎ በድብቅ መቀነስ ነው፦ የላይኛውን ማዕዘን መዝለል፣ ፍሬሙን በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርጎ ማለፍ። «ብዙ ሰው አመጣልሃለሁ» ለሚለው የታወቀ ቃል ኪዳን የሚሰጠውም መልስ ቀላል ነው። ቅናሹ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ይሰጣል።

የማይቀነስ ነገር አለ፤ ከፍታ። መሰላል በአራት ሜትር ከፍታ ከግድግዳው አንድ ሜትር መራቅ አለበት፣ ሥሩን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ ያም ሰው ይከፈለዋል። «መስኮቱ ላይ ተቀምጠህ ቶሎ ጥረገው» የሚል ደንበኛ ካለ ሥራውን መተው ነው።

ስለ ሰው የሚደረገው ግምትስ? ብዙ ጊዜ ይስታል። ጋቢ ለብሰው በር ላይ የቆሙት አባት የሦስት ቤት ባለቤት፣ ኮት የለበሰው ደግሞ ደሞዙን ቆጥሮ የሚኖር ተከራያቸው ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ የቆመችውን መኪና የሚነዳትም ሾፌር ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤት ሀብታም ነው ተብሎ ይጨመርበታል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ክፍያው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ለሳሙናና ለመጓጓዣ የወጣው ብር እስከዚያ ከኪስ ነው። መጨመር ካለበት ለመዘግየቱ ይጨመር። ደንበኛውም የራሱ ግምት አለው፦ ልጆቹ እጃቸው አያርፍም ብሎ ከክፍል ክፍል ይከተላቸዋል። ያን ሰዓት የመስኮቱን ዕቃ አንስቶ መጋረጃውን ቢያወርድ ግማሽ ሰዓት ሥራ ያቀልል ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ከዋዜማው 40 ሊትር መያዝ ከክርክሩ ሁሉ ይጠቅማል።

ከጥር ሠርግ፣ ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በፊት ስልኩ ሲበዛ አጽጂው ጥያቄውን ከመስኮቱ ቢጀምር ክርክሩ አይቀርም፤ መልኩን ግን ይቀይራል፦

«እትዬ፣ በፎቶው 14 ቆጥረናል፤ ሦስቱ በኋላ ናቸው።»

«ልጄ፣ ትንሽ ቀንሱልኝ እንጂ።»

«የኋላውን ሦስቱን ብንተወው ይቀንሳል።»

«የኋላውን ማን ያየዋል፣ ተዉት። የኩሽናውን ግን ደጋግማችሁ እጠቡልኝ፤ ቅባቱ አልለቅ ብሎኛል።»

«እሱማ በሌላ ሒሳብ ነው፣ እትዬ።»